ሰንሰለቱን ማን አሰረው? የፍራንክ ቤርቶ «ዘ ዳንሲንግ ቼይን» ሂሳዊ ዳሰሳ

መጽሐፉ፦ «ዘ ዳንሲንግ ቼይን»፣ የዲሬይለር ብስክሌት ታሪክና ዕድገት
ጸሐፊ፦ ፍራንክ ቤርቶ፣ ከሮን ሼፐርድና ከሬይሞን ሄንሪ ጋር
የመጀመሪያ እትም፦ ሳን ፍራንሲስኮ፣ 2000
(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከአንድ ብስክሌት የተፈታ የማርሽ መቀየሪያ ሌላው ላይ ሲታሰር ለምን እንደማይሠራ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «አይገጥምም» የሚል ነው። ነገሩም እዚያው ያበቃል። እንዳይገጥም ያደረገው ምንድን ነው? የብረቱ ባሕርይ ነው ወይስ የሰው ውሳኔ? ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ሥሩ መውረድ ለሚፈልግ ሰው ካነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ የሚበልጠው የፍራንክ ቤርቶ «ዘ ዳንሲንግ ቼይን» ነው። ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ እየገፋ ማርሽ የሚቀይረውን ክንድ፣ ዲሬይለርን፣ ከልደቱ ጀምሮ በሥዕልና በልኬት ይተርከዋል። ሆኖም ታሪኩን የሚያየው ከፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ነው። ብስክሌቱ ተሸጦ፣ አርጅቶ፣ ዕቃው ተለዋውጦ ጠጋኝ እጅ ሲገባ የሚሆነውን አይከተልም። የመጽሐፉን ብርታትም ጉድለትም የምመዝነው ከዚያ ከጠጋኙ ወገን ሆኜ ነው።

የምመዝንበት ቦታ ደግሞ ሬክስዴል ነው። ሬክስዴል በቶሮንቶ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ሃምበር ወንዝ አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው በ1950ዎቹ የእርሻውን መሬት ገዝቶ መንደር ካደረገው ከሬክስ ሄስሎፕ ነው። መንገዶቹ ለመኪና ተብለው የተለጠጡ ናቸው፤ ከመኖሪያ ፎቅ እስከ መጋዘን፣ ከገበያ እስከ ትምህርት ቤት ያለው ርቀት በእግር አይደፈርም። መኪና የሌለው ሰው ምርጫው አውቶቡስ ወይም ብስክሌት ነው። ምግብ አድራሹ፣ የኮሌጅ ተማሪው፣ ከሌሊት ፈረቃ የሚወጣው የመጋዘን ሠራተኛ፣ ኢትዮጵያዊውም ሶማሌውም ሕንዱም የሚነዱት ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ ነው። ቸርኬው ከአንድ፣ መሪው ከሌላ፣ ሰንሰለቱ ከሦስተኛ የመጣ ነው። በበረዶው ወራት በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ደግሞ ሰንሰለቱንና ዲሬይለሩን ይበላዋል፤ ጸደይ ሲመጣ መለዋወጫ ፍለጋ ይጀመራል። እዚህ ሰፈር አንድ ዕቃ ይገጥማል ወይስ አይገጥምም የሚለው ጥያቄ ነገ ሥራ ይገባል ወይስ አይገባም እንደ ማለት ነው።

ብስክሌት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ከወንዙ ማዶ ባለው በዌስተን፣ በ1899 የተቋቋመው ሲሲኤም የተባለው የካናዳ ኩባንያ ለአሥርት ዓመታት ብስክሌት ሲሠራ ኖሮ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከስሯል። ፋብሪካው ሲዘጋ ብስክሌቶቹ አብረው አልጠፉም። አምራቹ የሌለ ዕቃ በምን ይተካል? መጽሐፉ ሊመልሰው ሲገባ ያለፈው ጥያቄ ይህ ነው።

ከእጅ ወደ ጠቅታ

ቤርቶ በሙያው ኢንጂነር ነው፤ «ባይሲክሊንግ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት የቴክኒክ አዘጋጅ ሆኖ ሠርቷል። ብስክሌት ወዳዶች የሚያውቁት የሚለካ ጸሐፊ መሆኑን ነው። ጎማ ጭነት ሲያርፍበት ቁመቱ 15 በመቶ ያህል እንዲቀንስ ተደርጎ ነው መነፋት ያለበት የሚለው መመሪያ ከእሱ ልኬት የወጣ ነው። ይህ ጠባዩ መጽሐፉንም ገንብቶታል። አንድ ዲሬይለር ጥሩ ነው ሲል ስሙን ወይም ዝናውን ጠርቶ አይደለም፤ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አሳይቶ ነው።

ፈረንሳይ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ትልቅ ቦታ አላት። በሴንት ኤቲየን ከተማ ቬሎስዮ በሚል የብዕር ስም ይጽፍ የነበረው ፖል ደ ቪቪ ብዙ ማርሽ ያለው ብስክሌት ለተራ ሰው እንደሚጠቅም ዕድሜውን ሙሉ ሲከራከር ኖረ። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ኦንሪ ዴግራንዥ ግን ዲሬይለርን የሰነፍ መሣሪያ አድርጎ አየው። ዲሬይለር በዚያ ውድድር የተፈቀደው በ1937 ነው፤ በዚያው ዓመት ሮዤ ላፔቢ በዲሬይለር ነድቶ አሸነፈ። ቤርቶ ይህን ሲጽፍ ሻምፒዮኖቹን ብቻ አያወድስም፤ ተራ ተጓዦች ከባለሙያዎቹ ቀድመው እንደገባቸው በግልጽ ያሳያል። ለዚህ ፍትሑ አመሰግነዋለሁ።

ቀጥሎ የጣሊያኑ ካምፓኞሎ፣ የፈረንሳዮቹ ሲምፕሌክስና ኡሬ ይመጣሉ። በዚያ ዘመን መቀየሪያው በፍትጊያ ብቻ የሚቆም እጀታ ነበር። ነጂው ይስባል፣ ያዳምጣል፣ ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ትንሽ ይመልሳል። መለኪያው ጆሮውና ጣቱ ስለነበሩ የአንዱ ኩባንያ እጀታ የሌላውን ዲሬይለር ያለ ችግር ያዝዝ ነበር። ዘመኑ ግን ወርቃማ አልነበረም፤ የፈረንሳይ፣ የጣሊያንና የእንግሊዝ የብሎን ጥርስ የተለያየ በመሆኑ የአንዱን አገር ፍሪዊል (የኋላ ማርሾቹን ስብስብ) በሌላው ቸርኬ ላይ በግድ ማጥበቅ ጥርሱን ሊፈጨው ይችል ነበር። ተኳኋኝነት ድሮ ሞልቶ ዛሬ ጠፋ የሚል ሰው ይህን ማስታወስ አለበት። ችግሩ አዲስ አልተፈጠረም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ፤ ከብሎኑ ወጥቶ እጀታውን ከዲሬይለሩ ወደሚያገናኘው ሽቦ ገባ።

የመጽሐፉ ምርጥ ገጾች ይህ ዝውውር የተተረከባቸው ናቸው። በ1964 የጃፓኑ ሰንቱር ዲሬይለሩ በማርሾቹ ቁልቁለት ልክ አግድም እንዲሄድ የሚያደርግ ንድፍ አወጣ። በሁሉም ማርሽ ላይ ሰንሰለቱ ከጥርሱ ጋር ያለውን ርቀት ስለሚጠብቅ ቅያሪው ጥርት ያለ ሆነ። የፈጠራ መብቱ በ1984 ሲያበቃ ሌሎቹ ንድፉን ወሰዱት። በዚያው ወቅት በሳካይ ከተማ ከ1921 ጀምሮ ፍሪዊል ሲሠራ የኖረው ሺማኖ፣ ዱራ ኤስ በተባለው የውድድር ዕቃው ላይ በጠቅታ የሚሠራ መቀየሪያ ይዞ ብቅ አለ። አንድ ጠቅታ አንድ ማርሽ። ነጂው ማዳመጥ አላስፈለገውም። መለኪያው ከጆሮው ወጥቶ እጀታው ውስጥ ባለች ትንሽ ቀለበት ላይ ተቀረጸ። ሽቦው በሽፋኑ ውስጥ እንዳይላላ አዲስ ሽፋን ተሠራ፤ ከላይ ያለችው የዲሬይለሩ ትንሽ መዘውርም ጥርሱን ፈልጋ እንድትቀመጥ ወደ ጎን ጥቂት እንድትወዛወዝ ተደረገች።

ይህ ለሰው የዋለ ውለታ መሆኑን ቤርቶ አይክድም፤ እኔም አልክድም። ማርሽ መቀየር የፈራ ጀማሪ ከዚያ ወዲህ ያለ ፍርሃት ይነዳል።

ስሌቱ

ጠቅታው ያመጣው እስራት በአንዲት ማባዛት ይገለጣል። እጀታው በአንድ ጠቅታ የሚስበው የሽቦ ርዝመት፣ ዲሬይለሩ ያንን ስበት በሚያበዛበት መጠን ሲባዛ፣ ውጤቱ ከአንዱ ማርሽ እስከ ሌላው ካለው ርቀት ጋር እኩል መሆን አለበት። ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱ ሲለወጥ ሰንሰለቱ ያለ ቦታው ያርፋል።

በሙያው የታወቁትን ልኬቶች እንውሰድ። ባለ 8 ማርሽ የሺማኖ እጀታ በአንድ ጠቅታ ወደ 2.8 ሚሊሜትር ሽቦ ይስባል። የዚያ ዘመን የሺማኖ ዲሬይለር ያንን ወደ 1.7 እጥፍ ያደርገዋል። ውጤቱ 4.8 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በባለ 8 ካሴት፣ ማለትም በኋላ ማርሾቹ ስብስብ ላይ፣ ያለው የማርሽ ርቀትም ያው ነው። በባለ 9 ስበቱ 2.5፣ ርቀቱ 4.35 ገደማ ነው፤ በባለ 10 የመንገድ ብስክሌት 2.3 እና 3.95። የአሜሪካው ስራም በ1990ዎቹ ያወጣው ዲሬይለር ግን ሽቦውን ብዙም አያበዛም። ስለዚህ እጀታው ለባለ 8 ወደ 4.3 ሚሊሜትር መሳብ አለበት።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በቅርቡ አንድ የሰፈራችን ምግብ አድራሽ ይዞልኝ በመጣው ብስክሌት ላይ ታይቷል። የሺማኖ እጀታው ተሰብሮበት በምትኩ የስራም ተሽጦለታል፤ ሻጩም ሁለቱም «ባለ 8» መሆናቸውን ብቻ ነው ያየው። ብስክሌቱን ዘቅዝቀን ፔዳሉን በእጅ እያዞርን አንድ ጠቅታ አደረግን። ሰንሰለቱ ሁለተኛውን ማርሽ አልፎ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ተንጠልጥሎ መንኳኳት ጀመረ። በሁለተኛው ጠቅታ አራተኛው ላይ ዘለለ። ልጁ ዲሬይለሩ የተጣመመ መስሎት ሌላ ሊገዛ አስቦ ነበር። ዲሬይለሩ ግን ደህና ነበር። 4.3 በ1.7 ሲባዛ 7.3 ይሆናል፤ ከማርሽ እስከ ማርሽ 4.8 ብቻ ነው። አንድ ጠቅታ አንድ ማርሽ ተኩል ይወስዳል ማለት ነው። ሽቦ ማጥበቅና ማላላት ይህን አያድነውም፣ መነሻውን እንጂ እርምጃውን አይለውጥምና። ያገለገለ የሺማኖ ባለ 8 እጀታ ተፈልጎ ሲታሰር ነገሩ በዚያው አለቀ።

ይኸው ስሌት በሌላ በኩል ነፃ ያወጣል። የካምፓኞሎ ባለ 10 እጀታ በአማካይ 2.8 ሚሊሜትር ይስባል። ከሺማኖ አሮጌ ዲሬይለርና ከሺማኖ ባለ 8 ካሴት ጋር ቢታሰር፣ የሁለት ተቀናቃኝ ኩባንያዎች ዕቃ በአንድ ብስክሌት ላይ በሰላም ይሠራል። የእንግሊዝ ተጓዦች ይህን ዓይነቱን ቅልቅል ለዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በዲሬይለሩ ላይ ሽቦው የሚታሰርበትን ጎን በመቀየር ብቻ የማብዛት መጠኑን ማስተካከል የሚቻልበት ጊዜም አለ። የኩባንያ ስም አይገጥምም ያለውን ቁጥሩ ይገጥማል ሊል ይችላል፤ ተቃራኒውም ይሆናል።

በቤርቶ ላይ ያለኝ ዋናው ቅሬታ ከዚህ ይነሳል። መጽሐፉ የለካና ያስለካ ሰው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ልኬቱን ለአንባቢ እጅ መሣሪያ አድርጎ አይሰጥም። ዲሬይለሮቹን ትውልድ በትውልድ ይደረድራል፤ የትኛው ከየትኛው ጋር በምን ስሌት እንደሚኖር ግን ዋና ጉዳዩ አያደርገውም። የሚተርከው የፈጣሪዎችንና የተወዳዳሪዎችን ታሪክ ነው።

አሸናፊው ለምን አሸነፈ

ቤርቶ የሰንቱርን ውድቀት በመጽሐፉም በሌላ ጥናቱም በጥልቀት መርምሮታል። ሰንቱር አኩሺፍት በተባለው የራሱ የጠቅታ ሥርዓት ዘግይቶ ገባ። ሺማኖ እጀታ፣ ሽቦ፣ ዲሬይለር፣ ፍሪዊልና ሰንሰለት አንድ ላይ ካልተገዙ ብሎ ሲጸና፣ በሰንቱር በኩል የብስክሌት አምራቾች ርካሹን ፍሪዊልና ሰንሰለት ቀላቅለው ገጠሙ። ጠቅታው ሲንኳኳ የተወቀሰው ሰንቱር ሆነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ያ ታላቅ የጃፓን ኩባንያ ከገበያው ወጣ።

የሰንቱር ታሪክ ጠቅታ ያለ ሙሉ ሥርዓት አይሠራም ወደሚል መደምደሚያ ይገፋል። ግማሹ እውነት ነው። በ1980ዎቹ ሽቦውም ሽፋኑም ማርሹም ገና ያልተስተካከለ ስለነበር አንድ እጅ ሁሉንም መያዙ ጥራትን አመጣ። ሌላው ግማሽ ግን የንግድ ውሳኔ ነው፤ ማስረጃውም በሺማኖ በራሱ ታሪክ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ባለ ጠቅታ ዱራ ኤስ ከዚያው ኩባንያ ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር እንኳ አይስማማም ነበር፤ ይህ የተስተካከለው በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ባለ 9 ሲመጣ ነው። በሌላ በኩል ይኸው ኩባንያ በቀሩት ዕቃዎቹ ላይ የዲሬይለሩን መጠን ከባለ 7 እስከ ባለ 9 ሳይነካ አቆየው። በዚህም የተነሳ የመንገድ ብስክሌት እጀታ ከተራራ ብስክሌት ዲሬይለር ጋር ተጋብቶ ሻንጣ ጭኖ ዳገት የሚወጣ ነጂ በዓለም ሁሉ ነበር። ባለ 10 የተራራ ዕቃ ሲመጣ ያ ጋብቻ ፈረሰ። ያቆየውም ያፈረሰውም ያው አንድ ቢሮ ነው። ስለዚህ መግጠም ሲፈለግ ይቻላል።

በመጽሐፉ ጎን ልናስቀምጠው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። በ1987 ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመው ስራም፣ ሺማኖ ሙሉ ስብስብ ለሚገዙ አምራቾች የሚሰጠው ቅናሽ ሌላውን ከገበያ ያስወጣል ብሎ በ1990 ከሰሰው፤ ጉዳዩ በ1991 በስምምነት አለቀ። ክሱ የተነሳው በዋጋ እንጂ በሚሊሜትር አልነበረም። ያን ጊዜ በሩ የተዘጋበት ስራምም ሲያድግ የራሱን የሽቦ ስበት፣ በ2012 ደግሞ የራሱን የካሴት መቀመጫ አወጣ። ሺማኖም በ2018 የራሱን አዲስ መቀመጫ አስከተለ። ማንንም ጻድቅ ማድረግ አይቻልም። የጎደለው የአንድ ኩባንያ በጎነት ሳይሆን ሁሉን የሚገዛ ደንብ ነው።

በመጽሐፉ ያልታየው ነጂ

የቤርቶ ዓለም ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካና ጃፓን ነው። ዲሬይለር የተወለደው እዚያ ነውና የፋብሪካዎቹን አገሮች ማስቀደሙ አያስወቅሰውም። ነገር ግን የአንድ መሣሪያ ታሪክ የሚያበቃው በተሸጠበት ቀን አይደለም። ለምሳሌ ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ገና በመጀመሪያዋ፣ በ1956 በሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞቿን ይዛ ነው የሄደችው፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበሩ። ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት የተማሪውም የሠራተኛውም የዕለት መጓጓዣ ነው። እዚያ ያለው ጠጋኝ ካቴናውን ሲያሳጥር፣ ኩሽኔታውን ሲቀባ፣ ከአንዱ የወለቀውን ለሌላው ሲያውል የሚያደርገው ሥራ የታሪኩ አንድ ምዕራፍ ነው። መጽሐፉ ይህን ምዕራፍ አልጻፈውም።

ቢጽፈው ኖሮ አንድ ትልቅ እውነት ፊት ለፊት ይመጣ ነበር። የባሕር ዳሩ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌትና የሬክስዴሉ ባለ 10 አንድ የሚጋሩት ልክ አለ፤ ከአንዱ የሰንሰለት ፒን እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት ግማሽ ኢንች፣ 12.7 ሚሊሜትር ነው። ሃንስ ሬኖልድ በ1880 በማንቸስተር የዛሬውን የሰንሰለት ዓይነት ከፈጠረ በኋላ ብስክሌት የጸናበት ልክ ይህ ሆነ። ውፍረቱ ከባለ 8 ወደ ባለ 12 ከ7 ሚሊሜትር ገደማ ወደ 5.3 ያህል ቀጥኗል፤ ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት ግን አልተነካም። ሺማኖ በ1970ዎቹ 10 ሚሊሜትር የሆነ የራሱን ሰንሰለት ሞክሮ ነበር፤ ዓለም ስላልተከተለው ቀረ። ማንም የግሉ ማድረግ ያልቻለው ልክ ከመቶ ዓመት በላይ ሲኖር፣ የሽቦ ስበቱ ግን በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል። የተኳኋኝነትን ጉዳይ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

በአጻጻፍ ረገድ መጽሐፉ ሥዕሉና ንድፉ ድንቅ ነው። ክንዱ፣ ስፕሪንጉ፣ መዘውሩ እያንዳንዱ እንዴት እንደሚሠራ ጽሑፉን ሳያነቡ ከሥዕሉ ይገባል። ጽሑፉ ግን በሞዴል ስም የታጨቀ ነው፤ በመካከለኞቹ ምዕራፎች ላይ ለሰብሳቢ ካልሆነ ለሌላው ሰው ትርጉም የሌለው ዝርዝር ይበዛል። ለጀማሪ ከጠቅታው ዘመን ጀምሮ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብን እመክራለሁ።

ቀጣዩ ምዕራፍ

ሺማኖ በ2009 በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዱራ ኤስ ካወጣ ወዲህ፣ በተለይም ገመድ አልባው ከመጣ በኋላ፣ ሽቦው ራሱ እየቀረ ነው። እጀታውና ዲሬይለሩ የሚነጋገሩት በኮድ ነው። የሽቦን ስበት ማንም በካሊፐር ይለካዋል፤ የተቆለፈ ኮድ ግን በካሊፐር አይለካም። ካናዳ በዚህ ረገድ አንድ እርምጃ ወስዳለች። ኖቬምበር 7 ቀን 2024 የጸደቁት ሲ-244 እና ሲ-294 የተባሉት ሕጎች የቅጂ መብት ሕጉን አሻሽለው፣ አንዱ ለጥገና፣ ሌላው የተለያዩ ዕቃዎች አብረው እንዲሠሩ ለማድረግ ሲባል ዲጂታል ቁልፍን መክፈትን ፈቅደዋል። ሕጎቹ አምራቹን ምስጢርህን አውጣ አይሉትም፤ የከፈተውን ግን ጥፋተኛ ከመባል ያድናሉ። ነገ ባትሪው ያለቀ የኤሌክትሪክ ማርሽ በሬክስዴል ሁለተኛ እጅ ገበያ ሲወጣ ይህ ሕግ ሥራ ይኖረዋል።

«ዘ ዳንሲንግ ቼይን» ብስክሌት ለሚጠግን፣ ለሚያስተምር፣ ወይም ቴክኒክና ንግድ እንዴት እንደሚጠላለፉ ማወቅ ለሚፈልግ ሁሉ ሊነበብ የሚገባው ታላቅ ሥራ ነው። ቤርቶ የማርሽ ታሪክ በዝና ሳይሆን በልኬት እንደሚጻፍ አሳይቷል። የልኬቱ ባለቤት ማን መሆን አለበት የሚለውን ግን አልጠየቀም። ዛሬም አምራቾች በአብዛኛው የሚያወጡት የራሳቸውን ሞዴል ከራሳቸው ሞዴል የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ነው፤ የሽቦ ስበቱን ቁጥር አንድ በአንድ ለክተው ያሰራጩት ጠጋኞች ናቸው። በሰንሰለቱ ሳጥን ላይ ስንት ማርሽ እንደሚችል እንደሚጻፍ ሁሉ፣ በእያንዳንዱ እጀታ ላይ የሚስበው ሚሊሜትር፣ በእያንዳንዱ ዲሬይለር ላይ የሚያበዛበት መጠን፣ በእያንዳንዱ ካሴት ላይ የማርሹ ርቀት ይቀረጽ። ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ ለማተም የሚወጣው ወጪ ከምንም አይቆጠርም። ምግብ አድራሹ ልጅ እነዚህ ቁጥሮች ቢጻፉለት ኖሮ ሱቁ ውስጥ ቆሞ በራሱ አባዝቶ፣ ያንን እጀታ ሳይገዛ ይመለስ ነበር።